ሳይክል ልንዳ ወይስ ልዝመት?

የዘንድሮ ሐኪም መድኃኒት ማዘዝ አይወድም። ድሮ ጉንፋን ይዞህ ብትሄድ ፔኒሲሊኑን መቀመጫህ ላይ ሰክቶ፣ ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ያሰናብትህ ነበር፤ መታከምህን ሰፈሩ ሁሉ ከአነካከስህ ያውቃል። የዛሬው ግን ስኳርህን ይለካል፣ ግፊትህን ይለካል፣ ወገብህን በሜትር ይለካል፤ ለክቶ ለክቶ ሲያበቃ «አባባ፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» ብሎ ይሸኝሃል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ስትለው «እንግዲያው ሳይክል ይንዱ፤ ጉልበት ላይ ብዙ ጫና የለውም» ይላል። የት እንደምነዳው ግን አልነገረኝም። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት ነው። ሐኪሙ የጋርመንትን አደባባይ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አይቶት ቢያውቅ ኖሮ፣ ከሳይክሉ ጋር የሕይወት መድንም ባዘዘልኝ ነበር።

ሳይክሉ ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። ብቸና ተወልጄ ባህር ዳር የጎለመስሁ ሰው ነኝ፤ ባህር ዳር ደግሞ ባጃጅ ሳይወራት በፊት የሳይክል አገር ነበረች። መሬቱ ሜዳ፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ፣ ነፋሱ ከጣና። አስተማሪው በሳይክል፣ የጨርቃጨርቅ ሠራተኛው በሳይክል፣ ባለሥልጣኑም ነዳጅ ሲያልቅበት በሳይክል። ጡረታ ወጥቼ ልጄ ዘንድ ጋርመንት ስከትም ሳይክሌንም ጭኜ መጣሁ። ባለቤቴ አልወደደችውም፤ ቆራሌው «ቆራሌው!» ባለ ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

አባቴ በበኩሉ ምንሽሩን ሳይዝ ከደጅ የማይወጣ ሰው ነበር። ገበያ ይዞት ይሄዳል፣ ለቅሶ ይዞት ይደርሳል፣ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኩስበታል። በኛ አገር ጠመንጃ ከበሬ እኩል ሀብት፣ ከበሬ በላይ ክብር ነው። ስለዚህ ሳይክሉንም ጠመንጃውንም ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ሁለቱን ማጋባት ግን በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም፤ ያንን ያመጣብኝ እድር ነው።

ሐኪሙ ያለኝን ለእድርተኛው ባጫወትሁ ጊዜ ድንኳኑ ሁሉ አዛኝ ሆነ። አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ «የቤተ ሰብ ዝርዝርህ ታድሷል?» አለኝ። ገንዘብ ያዡ በሳይክል ለሞተ ሰው ይከፈል እንደሆነ መተዳደሪያ ደንቡን ማገላበጥ ጀመረ። ልቤን ያሞቀው ሻለቃው ብቻ ነው። ሻለቃው ከጦር ሠራዊት ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። «እጅህን አጣጥፈህ አስፋልት ላይ ልትወጣ ነው? ሽጉጥ ያዝ እንጂ! ንጋት ላይ ውሻ አለ፤ ቀን ሞተረኛ ቀማኛ አለ፤ ማታ ደግሞ የሁለቱም ዘመድ አለ።»

መዋሸት ምን ያደርጋል፤ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜ ሰው ምርኩዝ እንጂ ሽጉጥ ያዝ አይለኝም። ቤት ገብቼ የልጅ ልጄን ጠራሁት። እሱም ሳይክለኛ ነኝ ባይ ነው፤ ያንን ገላ ላይ የተቀባ የሚመስል ጥብቅ ቁምጣ ለብሶ እሑድ እሑድ ይወጣል። እዚያ ቁምጣ ውስጥ እንኳን ሽጉጥ የአንድ ብር ሳንቲምም አይደበቅም። «እስኪ በስልክህ ፈልግልኝ፤ ሳይክልና መሣሪያ አብረው የሄዱበት አገር አለ ወይ?» አልሁት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስቆ ሲጨርስ ፈለገ፤ ፈልጎ ሲያገኝ ሳቁ ጠፋ።

ለካ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው! አባቴ ይምልበት የነበረውን ምንሽር የሠራው የኦስትሪያው የሽታየር መሣሪያ ፋብሪካ በ1890ዎቹ ሳይክልም ያመርት ነበር፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው። በልጅግ የምንለውን ጠመንጃ የላከልን የቤልጅግ ኤፍ ኤን ፋብሪካም በአንድ በር ጠመንጃ፣ በሌላው በር ሳይክል ሲያወጣ ኖሯል። የእንግሊዙ ቢ ኤስ ኤ ጭራሽ ሳይክሉ ላይ የሚለጥፈው ምልክት እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚቀርጽ ማሽን ለሳይክል ቱቦና ለጥቃቅን ብረቱም አይሰንፍም። የመንግሥት የጦር መሣሪያ ትእዛዝ ሲቀዘቅዝ ማሽኑ ሥራ ከሚፈታ ብለው ወደ ሳይክል ዞሩ። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ውጅግራቸውን ወልውለው አድዋ ሲወርዱ፣ አውሮፓ በሳይክል ፍቅር አብዳ ነበር።

የጣልያን ቤርሳሊዬሪ ወታደሮችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ታጣፊ ሳይክል ላይ ጠመንጃቸውን አስረው ዘምተዋል። ይህን ለሻለቃው ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «የጣልያንን ምሳሌ አታምጣብኝ» አለ። እኔም ወደ ፈረንሳዩ ተሻገርሁ።

የፈረንሳዩ ነው ጉዱ። ያኔ በ1890ዎቹ ጋላን የሚባል የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ ሳይክለኛውን ከውሻ ላድነው ብሎ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ አወጣ፤ ቬሎዶግ ይሏታል። ከኪስ ሲያወጧት ጨርቅ እንዳይዛት ቃታዋ የሚታጠፍ፣ ጥይቷም 5.75 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ነበረች። ከዚያ ሌሎች ፋብሪካዎችም እየቀዱ በየአገሩ ሸጧት። ውሻውን መግደል ለማይፈልግ ደግ ሰው ደግሞ በእርሳስ ፈንታ በርበሬ የተሞላ ጥይት ይሸጥ ነበር። በርበሬ! ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ይህን ስትሰማ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። «ዘንድሮ በርበሬ ስንት እንደገባ ታውቃለህ? ለዶሮ ወጥ ያላዳረስሁትን ለጋርመንት ውሻ ልትተኩስ?» የበርበሬው ጥይት እዚያው ላይ ከሸፈ።

ያችው ፈረንሳይ ግን ለውሻ ሌላም መልስ ነበራት። ሉዊ ፓስተር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት አተረፈው። ከሽጉጡና ከመርፌው ለኛ የደረሰን መርፌው ነው፤ ጉለሌ ያለውን ፓስተር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እኛ በወጣትነታችን የምናውቀው የተነከሰ ሰው ሆዱ ላይ ለብዙ ቀን እየተወጋ ሲመላለስ ነው፤ ከውሻው ይልቅ መርፌው ያስፈራ ነበር። ዛሬም ቢሆን ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡና ለክትባት ሩጡ። የአገር መድኃኒት አያስፈልግም፣ ጠበል ብቻም አይበቃም።

ደግሞስ የጋርመንት ውሻ የፓሪስ ውሻ መሰላችሁ? ቀን የቆመ መኪና ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ሸንጎ ተቀምጦ ያድራል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ መንገዱን ይረከባል። በእግሬ ሳልፍ ጭራውን የሚቆላልኝ ውሻ ሳይክል ላይ ሲያየኝ አያውቀኝም። በፈጠንሁ ቁጥር ይፈጥናል፤ እግሬ በዞረ ቁጥር ተረከዜን ይመኛል። መድኃኒቱ ግን አባቶቻችን ያወቁት ነው። ፍጥነትህን ታበርዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ሳይክሉን በመሀላችሁ ታቆማለህ፤ ውሻው የሚያባርረው ነገር ይጠፋበትና ግራ ይገባዋል። ካልተመለሰ ጎንበስ ትላለህ። ድንጋይ ይኑር አይኑር ግድ የለም፤ የኢትዮጵያ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ካየ ነገሩ ይገባዋል። ጋላን ያን ሁሉ ብረት የቀጠቀጠው ፓሪስ ውስጥ ጎንበስ የሚል ሰው ጠፍቶ ኖሯል።

ሻለቃው አልተረታም። «እሺ ውሻውን ተወው፤ ቀማኛውስ?» አለ። ቀማኛው እውነት ነው። በሞተር ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይመነትፋል። ዘረፋው ቢበዛ ነው የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክልን ያገደው፤ በኋላ ፈቃድ ያለው ብቻ ይንቀሳቀስ ተባለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኔ ጆሮዬ ደክሟል። ሌባው የሚመጣው ከኋላ ነው። ስልኬን መንትፎ ጀሞን ሲያልፍ እኔ ገና «ምን ነበር ያለፈው?» እላለሁ። ሽጉጤን ባወጣ ማንን እመታለሁ? ጎመን ተሸክማ የምታልፈውን እናት? ያውም በግራ እጅ መሪ፣ በቀኝ እጅ ሽጉጥ ከተያዘ ፍሬኑን ማን ይያዝልኝ? ደግሞ ሽጉጥ እንዳለኝ የታወቀ ዕለት ሌባው ስልኬን ንቆ ለሽጉጡ ይመጣል። ስልክ ቢወሰድብኝ የልጆቼ ቁጥር ይጠፋኛል፤ ሽጉጥ ቢወሰድብኝ ነገ በዚያው ሰው ይገደልበታል።

ሕጉስ? የወንጀል ሕጋችን በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 78 ላይ ራስን መከላከልን ፈቅዷል። ፈቅዶ ግን ልጓም አበጅቶለታል፤ ጥቃቱ በሌላ መንገድ የማይመለስ መሆን አለበት፣ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ጀርባውን ሰጥቶ በሚሸሽ ሌባ ላይ፣ ለአንድ ስክሪኑ ለተሰነጠቀ ስልክ ጥይት ተኩሼ ዳኛ ፊት «ተመጣጣኝ ነው» ልል ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ ደግሞ «ለምን አስፈለገዎት?» ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? «ለስኳር በሽታ» ልበል?

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሀል አገር ሲጠጋ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ታዞ ነበር። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ በመጋረጃ ሥር ሲሰልል ነበር። አንዱ የአያቱን ውጅግራ በጋቢ ጠቅልሎ ወጣ፤ አንዷ ባልቴት ባሏ የተወላትን ሽጉጥ በዘንቢል ይዛ ሄደች። ሻለቃው ግን ሁለቱንም ቀን ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። የሚያስመዘግበው አልነበረውማ! እኔን ነው እንግዲህ የሚያስታጥቀኝ።

ይሁን፣ ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ከዚያ ፍተሻው አለ። ባንክ ስትገባ ፍተሻ፣ ክፍለ ከተማ ስትገባ ፍተሻ፣ ኬክ ቤት ስትገባ እንኳ ፍተሻ። በየበሩ «አባባ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድነው?» ሲሉኝ ልውል ነው። ጥበቃው ሽጉጡን ተረክቦ ያስቀምጥልኛል፤ ሳይክሉን ግን «አንጠብቅም» ይላል። ስወጣ ሽጉጡ አለ፣ ሳይክሉ የለም። ወገቤ ላይ ብሻጠው ሆዴ አያስገባውም፤ ኪሴ ብከተው በየፔዳሉ ጭኔን ይወቅጠኛል፤ ኮብልስቶኑ ላይ ስደርስ ደግሞ ያ ሁሉ መንገጫገጭ ምን እንደሚያስተኩሰው እግዜር ይወቅ። የአባቴን ምንሽር ባዝለው አፈሙዙ በሚኒባስ መስኮት ገብቶ ረዳቱ ሂሳብ ይጠይቀዋል።

ይህን ሁሉ ታግሼ በመጨረሻ ታጥቄ ወጣሁ እንበል። ጠላቴ ማነው? አሁን ወደ እውነተኛው ነገር መጣን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ሄደ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲደርስ ጃንሜዳ ለታቦታቱ መለቀቅ ነበረበትና ገበያው ተጠቅልሎ ወደኛ፣ ወደ ሀይሌ ጋርመንት መጣ። ቲማቲሙ ቀረበልን፤ ሽንኩርቱ ቀረበልን፤ ከነጫኙም ቀረበልን። ሐኪሙ ሳይክል ንዳበት ያለኝ ሰዓትና ጭነት መኪናው ቲማቲሙ ሳይበላሽ ልድረስ የሚልበት ሰዓት አንድ ነው። ጃፓን አይሱዙ ብላ የላከችውን መኪና ያገሬ ሰው አልቃይዳ ብሎ ክርስትና አንሥቶታል፤ በአስፋልት ላይ የሠራውን አይቶ ነው። አሜሪካ በጦር አውሮፕላን ስንት ዓመት የደከመችበትን አልቃይዳ፣ እኔ የስኳር ሕመምተኛው በማካሮቭ ሽጉጥ ልገጥመው ነው?

አልቃይዳ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ክዳኑ ተሰርቆ አፉን የከፈተ ጉድጓድ አለ፤ በጥይት አይዘጋም። ከመኪና የወደቀ የጎመን ቅጠል አለ፤ ጎማው ሲያገኘው ሳይክሉ ወደ ቃሊቲ፣ እኔ ወደ ለቡ እንሄዳለን። ድንገት በሩ የሚበረገድ ሚኒባስ አለ። ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ፣ ታጥፎም «አባባ፣ ቤትዎ አይቀመጡም?» ብሎ የሚሰድብ ባለ ቤት መኪና አለ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በመኪና ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፤ መኪና የሌለው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሞት ያመጣው ቀማኛ አይደለም፤ ሥራውን ቸኩሎ የሚሄድ፣ ቤቱ ልጆች ያሉት፣ ጠዋት ተሳልሞ የወጣ ሾፌር ነው። በምን ሕሊና ይተኮስበታል? ቢተኮስበትስ መኪናው በፍሬን ይቆማል እንጂ በጥይት ይቆማል?

የልጅ ልጄ አንድ ቁም ነገር አወጣ። ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በ2016 እንደ ፈረንጅ ቱር ደ ፍራንስን ሲወዳደር በምን ተጠበቀ? ሽጉጥ አልታጠቀም። መንገዱ ነው የተዘጋለት፤ ፊት ፊቱ ፖሊስ፣ ኋላ ኋላው የቡድኑ መኪና። እኛም አገር ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናው ለመኪና ሲዘጋ ልጆች በሳይክል፣ ሽማግሎች በእግር፣ እናቶች በጃንጥላ አስፋልቱ መሀል ሲሄዱ አይቻለሁ። ማንም አልታጠቀም፤ ማንም አልተገጨም። ውሾቹ እንኳ ሕዝቡ ሲበዛ ተኝተው ዋሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በብዙ ጎዳናዎች ዳር የሳይክል መንገድ ተሠርቷል፤ እሱን አልነቅፍም። የምነቅፈው አጠቃቀማችንን ነው። እዚያ ላይ ሙሽራ ፎቶ ይነሣል፣ ጎረምሳ ቆሞ ይደዋወላል፣ ሞተሩም አቋራጭ ያደርገዋል፤ ሳይክለኛው ደወሉን ሲነካ «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» ይባላል። ደግሞ የሳይክል መንገድ ዋጋው ሳይቆራረጥ ከቤት እስከ ገበያ ሲያደርስ ነው። ግማሽ መንገድ አቀማጥሎ ወስዶ አደባባዩ ላይ ከአልቃይዳ ጋር ከሚያፋጥጠኝ ከመጀመሪያውም ባያታልለኝ ይሻለኛል።

ስለዚህ ለእድርተኛው ፍርዴን ሰጥቻለሁ። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ያላችሁ ቤታችሁ ቆልፉበት፤ ሳይክል ያላችሁ ፍሬኑን አስጠግኑ፣ የኋላ መብራት ግጠሙ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ በጨለማ ጥቁር ጃኬት አትልበሱ፣ ስልካችሁን እየነዳችሁ አታውጡ። ስፔንና ጀርመን በከተማ ውስጥ ሳይክለኛን የሚቀድም መኪና 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ደንግገዋል፤ እኛ ሕጉ እስኪመጣ በይሉኝታ ማድረግ እንችላለን። የአይሱዙም፣ የሚኒባስም፣ የቤት መኪናም ሾፌሮች ሆይ፣ በጋርመንት አደባባይ ጋቢውን በሄልሜት ላይ የደረበ ሽማግሌ ካያችሁ ያልታጠቀ ነውና አትፍሩት፤ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ራቁለት። ውሻውን ለኛ ተዉት።